እርጥብ በእርጥብ ምንድን ነው?

በረዶ የለበሰ ደን በዘይት ቀለም የሚሥል ሰው አጠገብ ቆማችሁ ካያችሁ፣ መጀመሪያ የሚገርማችሁ አለመጠበቁ ነው። ባዶውን ሸራ ስስ ነጭ ቀለም ይቀባዋል። ሳይደርቅ ሰማዩን ይሠራበታል፤ ሰማዩ ሳይደርቅ ጥዱን፣ ጥዱ ሳይደርቅ በረዶውን ይደርብበታል። «እርጥብ በእርጥብ» የሚባለው ይኸው ነው። ጣሊያኖች አላ ፕሪማ ይሉታል፤ በመጀመሪያው ሙከራ እንደማለት።

ይህን የፈቀደው ቀለሙ የተለወሰበት የተልባ ዘይት ነው። የውሃ ቀለም ውሃው ሲተን ይደርቃል፤ ዘይቱ ግን አይተንም፣ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። ስለዚህ ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ለቀናት ርሶ ይቆያል። ዘዴው የቆየ ነው፤ ሆላንዳዊው ፍራንስ ሃልስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሰው ፊት ሠርቶበታል። ለብዙኃኑ ያስተዋወቀው ግን አሜሪካዊው ቦብ ሮስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1994 በቴሌቪዥን እየቀረበ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ አንድ ሥዕል ይጨርስ ነበር።

ለበረዷማ ደን የሚስማማው በጭጋጉ ምክንያት ይመስለኛል። ሩቅ ያለ ዛፍ ጠርዙ አይለይም። ግራጫ የገባበት ሰማያዊ ቀለም በእርጥቡ ሰማይ ላይ ነካ ነካ ስታደርጉ፣ ከሥር ያለው ነጭ ራሱ ገብቶ ያደበዝዘዋል። የዛፉን ግርጌ በንጹህ ደረቅ ብሩሽ መታ መታ ካደረጋችሁት ጭጋግ ውስጥ ይሰወራል። በደረቀ ሸራ ላይ ቢሆን ለእያንዳንዱ ርቀት ለየብቻ ቀለም መበጥበጥ ነበረባችሁ።

መደቡ፣ ማለትም መጀመሪያ የተቀባው ነጭ፣ ግን በጣም ስስ መሆን አለበት። ጣታችሁን ስታሳርፉበት የአሻራችሁ መስመር ጣታችሁ ላይ የሚነበብ ከሆነ ይበቃል። እኔ የመጀመሪያዋን ጥድ ስሠራ መደቡን እንደ ግድግዳ ለስኜው ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴው ከነጩ ጋር ተላቁጦ ጥዷ ወለል የተወለወለባት ጨርቅ መሰለች።

ከዚያ በረዶው ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በረዶ ነጭ ነው ብሎ ነጭ ቀለም ይዘረግፋል። ፀሐይ የማትደርስበት በረዶ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ነውና፣ ጥርት ባለ ቀን ጥላው ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ጥላውን በነጭና በጥቂት አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ ቀለም)፣ ቀጥሎ ፀሐይ ያረፈበትን ቢጫ ጠብ ባለበት ነጭ ትሠራላችሁ። ምንም ያልተቀላቀለበት ቲታኒየም ነጭ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ነጥቦች ይቆጠባል። አጠገቡ ሰማያዊ ስላለ ብቻ ያበራል።

ቅርንጫፍ ላይ የተከመረውን በረዶ በብሩሽ አትሞክሩት። የሠዓሊ ቀለም ቢላውን ጠርዝ ነጭ አስይዛችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ላዩን ብቻ እያስነካችሁ ትጎትቱታላችሁ። ቀለሙ እብጠቱ ላይ እየያዘ ስርጉዱን እየዘለለ ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጩ ራሱ በረዶ ይመስላል። አንድ ጊዜ ብቻ! እዚያው ቦታ ከመለሳችሁት ቢላው ከሥር ጥቁሩን ያነሳና ነጩ ይደፈርሳል። ከእያንዳንዱ ጉተታ በኋላም ቢላውን መጥረግ ነው።

ቀጫጭን ጭራሮ ሲሆን ቀለሙን በማቅጠኛ እንደ ብዕር ቀለም አቅጥኑት፤ እርጥብ በሆነ ወፍራም ቀለም ላይ የሚይዘው ቀጭኑ ነውና። ከደረቀ በኋላ ልትደርቡበት ከመጣችሁ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ የላይኛው ንብር ከታችኛው የበለጠ ዘይት ካልያዘ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

የደፈረሰውን ቦታ በብሩሽ እያሹ ለማዳን መታገል ያባብሰዋል እንጂ አያጠራውም። በቢላ ጠርጋችሁ አንሱት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ መደቡን በስሱ መልሳችሁ ቀብታችሁ እንደገና ጀምሩ። ሸራው እስካልደረቀ ድረስ ይህን ስንት ጊዜ ብታደርጉት ከልካይ የለባችሁም።