ዓይነተኛ ናሙና ምንድን ነው?

«አዲስ የወፍ ዝርያ አገኘሁ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ስሙ የተሰጠው ለየትኛው ወፍ እንደሆነ የሚያሳይ አካል በሙዚየም መቀመጥ አለበት። ዓይነተኛ ናሙና የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሥጋው ወጥቶ ጥጥ የተሞላ ደረቅ ቆዳ ሲሆን፣ እግሩ ላይ የተያዘበት ቦታ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይታሰራል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሁለት ተመራማሪዎች በስሙ ቢከራከሩ የሚዳኛቸው ያ ቆዳ ነው።

እንዲህ ባለው ቆዳ መካከል ዕድሜውን የፈጀ አንድ ሰው ልጥቀስ፤ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቶማሶ ሳልቫዶሪ በ1835 በጣሊያን ተወለደ፤ ሕክምና ተምሮ በ1860 ጣሊያንን አንድ ለማድረግ ከተዋጋው ከጋሪባልዲ ጦር ጋር ሐኪም ሆኖ ወደ ሲሲሊ ዘመተ። ከ1863 ጀምሮ ግን ቱሪን ሙዚየም ገብቶ በ1923 እስኪሞት ድረስ ከወፍ አልተለየም። ስለ ኒው ጊኒ ወፎች ግዙፍ ሥራ ሲጽፍ ኒው ጊኒን አልረገጠም፤ ቆዳው በመርከብ ይመጣለታል፣ እሱ ያነጻጽራል፣ ስም ያወጣል። አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ሰፍሮ የነበረው የጣሊያናዊው አሳሽ የአንቲኖሪ ቡድን ከሸዋ የላካቸውን ወፎችም የመረመረው እሱ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚቆመው በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለ ጣሊያናዊ አሳሽ በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል አንድ ቱራኮ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ጉትዬው ነጣ ያለ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ደም የመሰለ። ሳልቫዶሪ በ1896 አዲስ ዝርያ መሆኑን ለይቶ በሟቹ ስም ሰየመው። ከየት እንደተያዘ ግን ሩስፖሊ አልጻፈም፤ የሚጠየቅ ሰውም አልነበረም።

ስም አለ፣ ቆዳ አለ፣ አገሩ የለም! ሊቃውንቱ ወፉን በሕይወት ለማግኘት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀባቸው፤ የተገኘውም በ1940ዎቹ መጀመሪያ በዚያው በደቡብ ነው። በዚያ ጫካ አጠገብ ከብት ለሚያግድ ሰው መቼም ጠፍቶበት የሚያውቅ አይመስለኝም። ዛሬ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶች በነጌሌና በአሬሮ ዙሪያ፣ በጽድና በሾላ ዛፎች ላይ ይፈልጉታል።