የወፍ እይታ ካርታ፦ ከላይ ሆኖ ያየው ማን ነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ከተሞች ካርታ ላይ «የወፍ እይታ» የሚል ስታዩ፣ ሠዓሊው በፊኛ ወጥቶ የሣለው ይመስላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እግሩ ከመሬት አልተነሳም። የዚህ ዓይነት ካርታ ሠዓሊዎቹ እነ አልበርት ሩገርና ታዴየስ ፋውለር ከተማውን በእግራቸው ያዳርሱታል። ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ፋብሪካውን አንድ በአንድ ይነድፋሉ። ከዚያ የመንገዶቹን ፕላን አዘንብለው ሕንፃዎቹን በየቦታቸው ይተክሏቸዋል። ከፍታው የሐሳብ ነው።

ስለዚህ በማስመሪያ ርቀት ልለካበት ብትሉ አይሆንም። ቅርብ ያለው ይገዝፋል፣ የራቀው ያንሳል። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ደግሞ ሁልጊዜ ይጨሳል፤ ካርታውን የሚገዛው የከተማው ነዋሪ ነዋ፣ የሞተ ከተማ ሥዕል ማን ይገዛል! በ1876 (እንደ ፈረንጆች) የታተመው የኒውዮርክ እይታ እንዲያውም በ1883 የተከፈተውን የብሩክሊን ድልድይ ያለቀ አስመስሎ ያሳያል።

ሌላው የሚያደናግረው የተጻፈው ዓመት ነው። «1875» ቢልም ወረቀቱ የትናንት ሊሆን ይችላል። በአጉሊ መነጽር እዩት። በሥርዓት የተደረደሩ ደቃቅ ባለቀለም ነጥቦች ካሉት ዘመናዊ ቅጂ ነው። ድንጋይ ላይ ተሥሎ ወደ ወረቀት የታተመው የጥንቱ ግን ጥላው ሻካራ ነው፤ ነጥቡም ሰልፍ አያውቅም።