በጎጃም ደጋ ብርድን በሶላር መከላከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጎጃም ደጋ ብርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጉምና ዝናብ የማይለየው የሐምሌና የነሐሴ እርጥብ ብርድ ነው። ሁለተኛው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ብርድ ነው፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ስለ ሶላር የሚነገረው ስህተት አብዛኛው የሚመጣው ሁለቱን ከማደባለቅ ነው።

«ብርድ ሲሆን ፓኔል ኃይል አይሰጥም»

ፓኔል የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም። እንዲያውም ሲሞቅ ይደክማል፤ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥርት ያለ የታኅሣሥ ቀን ለፓኔል በጣም የሚስማማ ነው። ባለ 100 ዋት ፓኔል በዚያ ወቅት፣ የመስመሩ ብክነት ተቀንሶ፣ በቀን 400 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ አንድ ዋት-ሰዓት ማለት አንድ ዋት የሚበላ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ኃይል ነው። በነሐሴ ግን ከ300 በታች ሊወርድ ይችላል። ሶላር የሚያግዘን በውርጩ ወቅት ነው፤ የክረምቱን ብርድ በሶላር እቋቋማለሁ ብሎ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም።

በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያዘንብል። ጠዋት መስታወቱ ላይ ውርጭ ቢገኝ ፀሐይ እስክታቀልጠው ይተው፤ የፈላ ውኃ የሚደፋበት ሰው መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። የበጋ አቧራ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። የባሕር ዛፍ ጥላም ቀላል አይደለም፤ በአዊ በኩል ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ አምና ጥላ ያልነበረበት ጣሪያ ዘንድሮ ሊጋረድ ይችላል። የፓኔሉ አንድ ጥግ ብቻ ቢጋረድም ኃይሉ ከግማሽ በላይ ሊወርድ ይችላል።

«አንድ ባትሪና ኢንቨርተር ካለ ሂተር ይሠራል»

ብዙ ባትሪ የሚሞተው በዚህ እምነት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት የሚሠራበት 600 ነው፤ ብርድ ሲጠነክር እሱም ይቀንሳል። ባለ 1,000 ዋት ሂተር በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ መብራት ኃይል መስመር ዓይነት በሚቀይረው ዕቃ) በኩል ከባትሪው 90 አምፔር ገደማ ይስባል። ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ ቮልቱ ይወርድና ኢንቨርተሩ እየጮኸ ያጠፋል። ያን ግማሽ ሰዓት ለመመለስ ባለ 100 ዋት ፓኔል አንድ ቀን ተኩል ይፈልጋል። ነገሩ በየምሽቱ ከተደጋገመ ባትሪው በጥቂት ወራት ውስጥ መያዝ ያቆማል።

ከዚህ የባሰው ገመዱ ነው። ለአምፖል የተዘረጋ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 90 አምፔር አይችልም፤ ልባሱ ይቀልጣል። ለዚህ ያህል ኃይል አጭር፣ ከ25 እስከ 35 ካሬ የሆነ ገመድ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብም ፊውዝ ያስፈልጋል። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ቁራጭ መተካት እሳትን ቤት መጋበዝ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

«ቤቱ ካልሞቀ ሰው አይሞቅም»

ክፍሉን ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል አልጋውን ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ነው። ለመኪና የሚሸጠው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ባለ 12 ቮልት ብርድ ልብስ 50 ዋት ገደማ ይበላል። ከመተኛት በፊት ለአንድ ሰዓት፣ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ለሁለት ሰዓት ቢበራ 150 ዋት-ሰዓት ነው፤ ኢንቨርተርም አይፈልግም። ላዩ ላይ ጋቢ ወይም ቡሉኮ ይደረብበት። አጥፎና ጠቅልሎ ማብራት ግን ሽቦውን ያቃጥላል።

«ፀሐይን ለማታ የሚያቆየው ባትሪ ብቻ ነው»

ውኃም ያቆያል፣ ያውም በርካሽ። 20 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 1,050 ዋት-ሰዓት ያህል ሙቀት ይይዛል፤ ከላይ ያልነው ባትሪ ከሚሰጠው ይበልጣል። ጥቁር የተቀባ የብረት ዕቃ፣ ከሥሩና ከጎኑ ጭድ በታጨቀበት፣ ከላይ መስታወት በለበሰ ሣጥን ውስጥ ጠዋት ይቀመጥ። የዕቃው ክዳን ጥብቅ ብሎ አይዘጋ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይደክም፣ ወደ ቤት ገብቶ በጋቢ ይጠቅለል። ማታ ትንሽ ብቻ አሙቆ በጎማ መያዣ ሞልቶ አልጋ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሃይላንድ ለዚህ አይሆንም፤ በሙቅ ውኃ ይኮማተራል፣ ያፈሳልም።

ጣሪያ ላይ የሚሰቀል የሶላር ውኃ ማሞቂያ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ስለ ውርጭ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱ ወደ ሰማይ ስለሚያመልጥ አየሩ ዜሮ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ሊረጋ ይችላል። ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ የመዳብ ቱቦውንም ይሰነጥቃል። ፀረ ውርጭ ፈሳሽ የሚዞርበት ዓይነት ይመረጥ፤ አለዚያ ማታ ማታ ውኃው ይውረድ።

ፓኔልን ከውኃ ማሞቂያ ብረት ጋር በቀጥታ የሚያገናኙም አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውኃው ሲሞቅ ኃይሉን የሚቆርጠው ዕቃ፣ ላይ ነው። ለመብራት ኃይል መስመር የተሠራ ቴርሞስታት በፓኔል ኃይል ላይ ሲከፈት ብልጭታው አይጠፋም፣ መገናኛው ይበየድና ውኃው ሳይቆም ይፈላል። ለፓኔል ኃይል የተሠራ ማጥፊያ ይግባበት።

«ብርዱን ለማሸነፍ ፓኔል መጨመር ነው»

መጀመሪያ ጣሪያው ይታይ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀን የገባውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። አቡጀዴም ሆነ የተሰፋ ማዳበሪያ ቢወጠርበት ለውጡ በዚያው ሌሊት ይታወቃል። ከኮርኒሱ በላይ ሽቦ ካለ ግን ጭድ አይደረግበት። የበሩ ሥር በጨርቅ ይደፈን፤ ይህ ግን ቤት ውስጥ እሳት በሌለበት ሌሊት ብቻ ነው።

«ከሰል ብናነድም የሶላር ማራገቢያ ካለ አያሰጋም»

ያሰጋል። የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀርም ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚዞር ማራገቢያ መርዙን ያዳርሰዋል እንጂ አያስወጣውም። ምድጃው ሰው ከመተኛቱ በፊት፣ ፍሙም ቢሆን፣ ወደ ደጅ ይውጣ።