ሃሎዊን የሰይጣን ልደት ነው? በየዓመቱ የሚመላለሱ ወሬዎችና እውነታው

ጥቅምት ሲጋመስ አሜሪካ ባሉ የሐበሻ ቤተሰቦች የዋትሳፕና የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ አንድ ዓይነት መልእክት መዞር ይጀምራል። «ልጆቻችሁን ጠብቁ፣ የሰይጣን ቀን እየመጣ ነው» የሚል። ቀኑ ሃሎዊን ነው፤ ልጆች የተለያየ ልብስና ማስክ አድርገው በየቤቱ ከረሜላ እየጠየቁ የሚዞሩበት ምሽት። ልጆችን ለሃሎዊን ማውጣትም ሆነ ቤት ማስቀረት የወላጅ ውሳኔ ነው፣ አከብረዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ለልጆቹ የሚነገራቸው ምክንያት ነው። ልጅ ነገ ትምህርት ቤት እውነቱን ሲያነብ፣ ቤት የሰማውን ሌላውንም ነገር መጠራጠር ይጀምራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የሰይጣን ልደት ነው»

አይደለም። ኦክቶበር 31 በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። በዓሉ ኖቬምበር 1 ይከበራል። በማግስቱ ደግሞ የሙታን መታሰቢያ ነው። ማርቲን ሉተር በ1517 የቤተ ክርስቲያንን አሠራር የተቸባቸውን 95 ነጥቦች ያወጣውም በዚሁ ዋዜማ ነው፤ ሉተራውያን ዛሬም ቀኑን የተሐድሶ ቀን ብለው ያስቡታል።

ወሬው ግን ዝም ብሎ ከሜዳ አልተነሳም። አንቶን ላቬይ የተባለ ሰው በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን» የሚባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ሃሎዊንንም ከዋና ዋና በዓላቱ መሃል አስገባው። ያኔ ሃሎዊን ብዙ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ወግ ነበር። ደግሞም ላቬይ ከሁሉ ይበልጣል ያለው በዓል የእያንዳንዱን ሰው የራሱን ልደት ነው። «የሰይጣን ልደት» የሚባል ቀን እነሱም ዘንድ የለም።

ልጁን ላለማውጣት የወሰነ ኦርቶዶክስ ወላጅ ማስፈራሪያ አያስፈልገውም። ኦክቶበር 31 አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። «ዛሬ ማርያም ናት፣ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን» ቢባል ልጁ ይገባዋል፤ እውነትም ነው።

«ሳዊን የሞት አምላክ ነበር»

የሃሎዊን ሥር ነው የሚባለው ሳዊን አምላክ አይደለም፣ ወቅት ነው። በጥንቷ አየርላንድ መኸር አልቆ ብርዳሙ ክረምት የሚገባበት፣ ከብቶች ከበጋው ግጦሽ የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የተጻፉ የአየርላንድ ትረካዎች በዚያ ሰሞን ትልቅ ግብዣ እንደሚደረግ፣ የማይታየው ዓለምም ወደ ሰዎች እንደሚቀርብ ይናገራሉ። «የሞት አምላክ» የሚለውን ያስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቻርልስ ቫላንሲ የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው። ስለ አየርላንድ ጥንታዊ ታሪክ ብዙ ጽፏል፤ ብዙ ተሳስቷልም። ይሄኛው ስህተቱ ግን እስከ ዛሬ ይገለበጣል።

ከዚሁ ጋር «የሮም ቤተ ክርስቲያን ሳዊንን ለማጥፋት ብላ የቅዱሳንን በዓል እላዩ ላይ ጫነችበት» ይባላል። ይህ ብዙ የተማሩ ሰዎችም የሚደግሙት ነው፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ሮም ውስጥ የጥንት ጣዖት ቤት የነበረው ፓንቴዎን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ከተባረከ በኋላ ሰማዕታት ሁሉ የሚታሰቡት ሜይ 13 ነበር። በ800 ዓ.ም. ገደማ ኖቬምበር 1ን ሲያከብሩ የምናገኛቸው በጀርመን አካባቢና በሰሜን እንግሊዝ ያሉ ክርስቲያኖች ናቸው። የሳዊን አገር የሆኑት አየርላንዳውያን ግን በዚያ ዘመን የቅዱሳንን በዓል ኤፕሪል 20 ያከብሩ ነበር። ሳዊንን ለመተካት ቢሆን ኖሮ መጀመር የነበረበት ከእነሱ ነው።

«የአሜሪካኖች በዓል ነው»

ወደ አሜሪካ ያመጡት የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ናቸው። በተለይ በ1840ዎቹ የድንች ረሃብ ያፈናቀላቸው አየርላንዳውያን በብዛት ገቡ። አገራቸው ሳሉ ፊት ቀርጸው መብራት የሚያስገቡበት ዱባ አልነበረም፣ ተርኒፕ የሚባል የሥር አትክልት ነበር። የአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ከዶኔጋል የተገኘ የአንዱን ቅጂ ያሳያል። ከዱባው ይልቅ እሱ ያስፈራል። ዱባ አሜሪካ ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ፣ ትልቅና ለመፈልፈል የሚቀል ስለሆነ ተርኒፑን ተካው።

ሜክሲኮዎች በኖቬምበር መጀመሪያ የሚያከብሩት የሙታን ቀንም የሃሎዊን ቅጂ አይደለም። ቤተሰብ የሞቱበትን ዘመዶች የሚያስብበት የራሱ በዓል ነው። ዩኔስኮም በ2008 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

«የፈረንጅ ሆያ ሆዬ ነው»

ይሄን የሚሉት ደግሞ በዓሉን ወደው ነው። ልጆች በር እያንኳኩ ስለሚዞሩ ይመስላል። እኔ ግን ወደ ሥሩ ስንሄድ ይበልጥ የሚቀርበን ተዝካር ይመስለኛል። በድሮዋ እንግሊዝ በዚህ ሰሞን ድሆችና ልጆች ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። ባለቤቶቹ ትንንሽ ኬክ ይሰጧቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ለቤቱ ሙታን ይጸልያሉ። ድሃን አብልቶ ለሟች ነፍስ ጸሎት ማግኘት ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ልጆች በየበሩ ከረሜላ ሲጠይቁ የሚሉት፣ ዛሬ የምናየው «ትሪክ ኦር ትሪት» ግን ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። አባባሉ በጋዜጣ ብቅ ያለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ ተስፋፋ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሲሆን ቀዘቀዘ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በየሠፈሩ ተዳረሰ። ጸሎቱ በመንገድ ላይ ቀረ፣ ከረሜላው ብቻ ተረፈ። ይህ ያሳዝነኛል።

«ከረሜላው ውስጥ መርዝ ይጨምራሉ»

ወላጅን እንደዚህ የሚያስደነግጥ ወሬ የለም። ጆኤል ቤስት የተባሉ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂስት ከ1958 ጀምሮ የተዘገቡ ክሶችን ሲያጣሩ ኖረዋል። የማያውቁት ሰው ለሠፈር ልጆች ባደለው የተመረዘ ከረሜላ የሞተ ወይም ክፉኛ የተጎዳ ልጅ አላገኙም። መርፌና ምላጭ ተገኘ ከተባለው ውስጥ ብዙው ልጆቹ ራሳቸው ወይም ቤተሰብ የሠራው ቀልድ ነው። በ1974 ቴክሳስ ውስጥ አንድ የ8 ዓመት ልጅ በሳያናይድ መሞቱ እውነት ነው። የመረዘው ግን የገዛ አባቱ ነው፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ ፈልጎ። ከ10 ዓመት በኋላ በሞት ተቀጣ።

ልጆቹን በእውነት የሚጎዳው መኪና ነው። ከ1975 እስከ 2016 ያለውን የአሜሪካ የትራፊክ ሞት መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ በሃሎዊን ምሽት እግረኛ የመሞቱ አደጋ ከአንድ ሳምንት በፊትና በኋላ ካሉት ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ደግሞ ወደ 10 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ልጃችሁ የሚወጣ ከሆነ ጥቁር ልብሱ ላይ የሚያንጸባርቅ ቴፕ ለጥፉበት፣ የእጅ ባትሪ ስጡት። ማስኩንም መንገድ ሲሻገር ያውልቅ። በዚያ ምሽት ታክሲና ኡበር የምትሠሩ ወገኖችም መኖሪያ ሠፈር ስትገቡ ቀስ በሉ፤ ልጆች ከቆሙ መኪኖች መሃል ድንገት ይወጣሉ።