የስድስት ኪሎ ዙሪያ የድሮ ቤቶች

ስድስት ኪሎ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ዩኒቨርሲቲው ነው። ከግቢው ወደ አፍንጮ በርና ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው መንደር ግን በዕድሜ ይበልጠዋል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ምኒልክ ጉብታ ጉብታውን ለመኳንንቱ ሰጡ። ጌታው ከላይ ግቢውን ሲያበጅ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለ እጁ ዙሪያውን ጎጆውን ቀለሰ። የስድስት ኪሎው መሬት የራስ መኮንን ነበር። ልጃቸው ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ሠሩበት። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላም ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የንጉሡ መኝታ ቤት ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ይጎበኛል።

የመንደሩ ቤት በአብዛኛው የእንጨትና ጭቃ ነው። ቋሚው ይተከላል፣ በማገር ይያዛል፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ቆርቆሮ ሲለመድ ክቡ ጎጆ ባለ ማዕዘን ሆነ። የአርመንና የህንድ ግንበኞችና አናጺዎች ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩበት። አንዱን የድሮ ፎቅ ቤት ልብ ብላችሁ እዩት። ታቹ የድንጋይ ግንብ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ ነው። በረንዳው ዙሪያውን ይከበዋል፤ የክዳኑ ጠርዝ እንደ ዳንቴል በተፈለፈለ ጣውላ ያጌጠ ነው። ከውስጥ ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ የተወጠረ አቡጀዴ ነው። አይጥ ስትሮጥበት ቤተሰቡ በሙሉ ይሰማል!

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ገነተ ልዑል ግቢ ነው። በተከተለው ጭፍጨፋ ፋሺስቶች የከተማውን ጎጆዎች ከነሰዎቻቸው አቃጠሉ። አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት የተጨፈጨፉት ሰዎች መታሰቢያ ነው።

የሰፈሩን መልክ ከየትኛውም አናጺ በላይ የወሰነው ግን የ1967ቱ አዋጅ ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 47/67 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ሄዱ። ኪራዩ ባለበት ስለቆመ ደሃው መሀል ከተማ መኖር ቻለ። ጥገናውን ግን ማን ያድርገው? ቀበሌ አቅም የለው፣ ተከራይ ቤቱ የሱ አይደል። የመኳንንት ሳሎን በቺፑድ ተከፍሎ የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ሆነ። በረንዳው በቆርቆሮ ተጋርዶ ማድ ቤት ወጣው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ሆኖም እድሩም፣ እቁቡም፣ የቡና ጥሪውም የጸናው በዚሁ መጠጋጋት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ብዙ የድሮ ቤቶች ፈርሰዋል። በቅርስነት የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ የጌታው ቤት እንጂ ዙሪያውን ያለው የጭቃ ቤት አይደለም። ከተነሱት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከተማው ዳር ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ገብተዋል።