ፒኞን ምንድን ነው? የሪሞት መኪና ሞተር ዳገት ላይ ለምን ይግላል?

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ደህና ስትሮጥ የዋለች ሪሞት መኪና ደሴ ዳገት ላይ ሞተሯ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሞተሩን ወይም ባትሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት የፒኞኗን ጥርስ ቁጠሩ። ብዙ ደህና ሞተር የሚቃጠለው በዚህች ትንሽ ብረት ምክንያት ነው። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከመኪናዋ ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዷ ናት።

ፒኞን በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰር ትንሽ ባለ ጥርስ ማርሽ ነው። ከሱ ጋር የሚያያዘው ትልቁ ማርሽ ስፐር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ሞተሩ ፒኞንን ያዞራል፣ ፒኞን ስፐሩን፣ ስፐሩ ደግሞ በዲፈረንሻል በኩል ጎማዎቹን።

ዋናው ነገር የጥርሶቹ ቁጥር ነው። ስፐሩ 60 ጥርስ፣ ፒኞኑ 20 ጥርስ ካለው፣ ስፐሩ አንዴ እንዲዞር ሞተሩ 3 ጊዜ መዞር አለበት። ፒኞኑን በባለ 15 ብትቀይሩት ሞተሩ 4 ጊዜ ይዞራል። መኪናዋ ፍጥነት ትቀንሳለች፣ ጉልበት ግን ታገኛለች። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ዳገቱን በከባድ ማርሽ የሚይዘው ለዚሁ ነው። ልዩነቱ ሹፌሩ እየነዳ ማርሽ ይቀይራል፤ የእኛ መኪኖች አብዛኞቹ ያላቸው አንድ ማርሽ ብቻ ስለሆነ ምርጫው የሚያልቀው ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ታዲያ ትልቅ ፒኞን ለምን ያግላል? የኤሌክትሪክ ሞተር ነጻ ሆኖ ሲዞር የሚስበው ከረንት ትንሽ ነው። ጭነት በዝቶበት ዙሩ ሲወርድ ግን ብዙ ይስባል። ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በከረንቱ ልክ አይጨምርም። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ፒኞን ያሰረች መኪና ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጣ አቀበት ላይ ስትንፏቀቅ ዝግ ብላ ስለሄደች ያረፈች ይመስላል፤ ሞተሩ በጣም የሚሠቃየው ግን ያኔ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ የውስጡ ማግኔት ኃይሉን ያጣል፣ ያጣውም ሲቀዘቅዝ ላይመለስ ይችላል። ብዙ ነጂዎች 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድን እንደ ጣሪያ ይይዛሉ። መለኪያ ከሌላችሁ ጣታችሁን በጥንቃቄ አስጠግታችሁ ንኩት። ሁለት ሦስት ሰከንድ እንኳ ማቆየት ካልቻላችሁ አቁሙ፣ ይቀዝቅዝ።

እዚህ ላይ ከፍታውም አለበት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በደሴ ከፍታ አየሩ ባሕር ወለል ላይ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር በአየር እጥረት ጉልበት አያጣም። ነገር ግን የሚያቀዘቅዘው ያው አየር ነው፤ ሲሳሳ ሙቀቱን የሚወስደው ቀስ ብሎ ነው። የደሴ ብርድ ያግዛል፣ ግን በብርዱ ተማምናችሁ ትልቅ ፒኞን አትሰሩ። ፋብሪካው ከመኪናዋ ጋር የሰጣችሁን ፒኞን መነሻ አድርጉና ለዳገት አንድ ሁለት ጥርስ ቀንሱ። ሐይቅ አካባቢ ሜዳ አግኝታችሁ ፍጥነት ካማራችሁ አንድ ጥርስ ጨምሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ ሙቀቱን እዩ። ጎማ ስትቀይሩም አስቡበት፦ ትልቅ ጎማ ማሰር ትልቅ ፒኞን ከማሰር አይለይም።

መቀየሩ ከባድ አይደለም፤ አብሽሩ። መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ሞተሩን የያዙትን ብሎኖች አላሉና ወደኋላ ሳቡት፤ ከዚያ የፒኞኑን ትንሽ ብሎን በአለንኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ፍቱ። አዲሱን ስታስገቡ ብሎኑ በዘንጉ ጠፍጣፋ ጎን ላይ መቀመጥ አለበት፣ ክብ ጎኑ ላይ ከሆነ ይንሸራተታል። ብሎኑ ላይ አንዲት ጠብታ ሎክታይት፣ ማለትም ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ፣ ይበቃል። የአዲሱ ፒኞን የጥርስ መጠን ከስፐሩ ጋር መግጠሙንም ሳትገዙ አረጋግጡ። የጥርሱ ስፋት ካልገጠመ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ስፐሩን ይበላዋል።

አሁን የሚቀረው የሁለቱ ማርሾች ርቀት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከደብተር ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ቅደዱና በጥርሶቹ መካከል አስገቡ፤ ሞተሩን ወደ ስፐሩ ገፋ አድርጋችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ ከዚያ ወረቀቱን አዙራችሁ አውጡ። ስፐሩን በጣት ያዙና ነቅነቅ አድርጉት። ትንሽ፣ ለስሙ ያህል መላወስ አለበት። ስፐር ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል እያዞራችሁ ሦስት አራት ቦታ ፈትሹ። በጣም ከተጠጋጉ መኪናዋ ትጮኻለች፣ የሞተሩም ኩሽኔታ ያልቃል። ከተራራቁ ደግሞ ጋዝ ስትሰጡ ጥርሶቹ እየዘለሉ ይንቋቋሉ፤ በዚያው ደቂቃ ስፐሩ ይላጫል።

ኮረት መንገድ ላይ የምትነዱ ከሆነ የማርሹን መሸፈኛ መልሳችሁ ግጠሙ፤ አንዲት ጠጠር ከገባች ስፐሩ አለቀለት። ክፍት ማርሽ ላይ ግሪስ አትቀቡ፤ አቧራውን ይሰበስብና እንደ ሞረድ ይሆናል፣ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይሻላል። ፒኞኑ ብረት፣ ስፐሩ ፕላስቲክ የሆነው በአብዛኛው ታስቦበት ነው፦ አንድ ነገር መሰበር ካለበት ሞተሩ ሳይሆን ፕላስቲኩ ይሰበር ተብሎ። ስለዚህ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ሰው ስታገኙ ሁለት ስፐር፣ ከያዛችሁት ፒኞን ደግሞ በአንድና በሁለት ጥርስ የሚያንሱ አስልኩ።