ባለቤት የሌለው ባለመሬት፦ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ይዞታ ምንድን ነው?

የአንድ ማኅበረሰብ መሬት በፋውንዴሽን፣ ማለትም ለተወሰነ ዓላማ ንብረት በሚይዝ ተቋም፣ ሲያዝ በመዝገብ የሚሰፍረው በፋውንዴሽኑ ስም ነው። ፋውንዴሽኑ ራሱ ግን የማንም አይደለም። ከአክሲዮን ማኅበር የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ንብረቱ አንዴ ከገባለት ከመሥራቾቹ እጅ ለዘለቄታው ይወጣል፤ ትርፍ የሚካፈል፣ ድርሻ ሸጦ የሚወጣ ወይም ለልጁ የሚያወርስ የለም። የሚወስነው ቦርዱ ሲሆን ቦርዱን የሚያስረው መተዳደሪያ ደንቡ ነው።

በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን ያለችውን ክርስቲያኒያ የተባለች ሰፈር እንይ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሰዎች ባዶ የነበረውን የጦር ሰፈር ገብተው ያዙት፤ መሬቱ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀረ። አርባ ዓመት መኖር ባለቤት አላደረጋቸውም፤ በ2011 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቦታው ላይ የማዘዝ መብቱ የመንግሥት ነው ብሎ ፈረደ። ያን ጊዜ ነው በድርድር ፋውንዴሽን የተቋቋመው። በ2012 ፋውንዴሽኑ አብዛኛውን ክፍል፣ በዋናነት በብድር፣ በ76 ሚሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ገደማ ገዛ፤ ለዋና ከተማ መሃል ርካሽ ነው። የጥንቱ የከተማ ምሽግ ያለበት መሬት ግን ያን ጊዜ አልተሸጠለትም፤ በኪራይ ያዘው። ስለዚህ «ነዋሪዎቹ ገዙት» ማለት ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው፤ የገዙት እነሱ አይደሉም፣ የተሸጠውም ሁሉም አይደለም።

ታዲያ ነዋሪው ምን አለው? የመጠቀም መብት ብቻ። በየወሩ የመጠቀሚያ ክፍያ ይከፍላል፤ ሲለቅ ቤቱ ለማኅበረሰቡ ይመለሳል፤ ተተኪውን የሚመርጠው የሰፈሩ ስብሰባ ነው። መሬት «የማይሸጥ የማይለወጥ» ነው ለሚል ሕገ መንግሥት ለለመድን ይህ እንግዳ አይመስልም። ሆኖም በእኛ አንቀጽ 40 ሰው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራውን ቤት መሸጥ ይችላል፤ ክርስቲያኒያ ውስጥ ግን ቤቱም አይሸጥም። ጣራውን በራሱ ገንዘብ የቀየረ ሰው ሲወጣ በገበያ ዋጋ የሚያስመልሰው ነገር የለም፤ ቤቱንም በዋስትና አስይዞ ከባንክ መበደር አይችልም። ቤቶች እድሳት አጥተው የሚያረጁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለግዥው ገንዘብ ለማሰባሰብ «የሕዝብ አክሲዮን» የሚባል ወረቀትም ተሸጧል። ስሙ ያሳስታል እንጂ መዋጮ ነው፤ ድምፅም፣ ትርፍም፣ አንድ ካሬ ሜትርም አያስገኝም።

ፋውንዴሽን መሬትን ከደላላ ይጠብቃል፤ ከአበዳሪ ግን አይጠብቅም። መሬቱ ለብድር ከተያዘና ክፍያ ከተቋረጠ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የብድር ክፍያውን ላለማቋረጥ ደግሞ የነዋሪዎቹ ወርሃዊ የመጠቀሚያ ክፍያ ይጨምራል፤ ቀድሞ የሚጎዳው ጡረተኛው ነው።

እንዲህ ያለ ይዞታ ውስጥ ለመግባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የመሬት መዝገቡን አውጥቶ ማን እንደተጻፈና ምን ዕዳ እንዳለበት ይይ። ከዚያ ደንቡን ያንብብ፤ የቦርድ አባላትን ማን ይሾማል፣ መሬት ለመሸጥ ስንት ድምፅ ያስፈልጋል፣ ዓላማውን ለመቀየር የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠየቃል ወይ? ብዙ ሰው የሚዘለው የመፍረሻ አንቀጹን ነው። ፋውንዴሽኑ ሲፈርስ ንብረቱ ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ተቋም ይተላለፋል ካላለና ለነዋሪዎች ይከፋፈላል ካለ፣ የመሬት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ለማፍረስ የሚመኝ ይበዛል።